ከበርሜሌ የቀዳሁላት ውሃ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ አብሮኝ እየተኛ ሳያውቀው ሞተ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አልነገርኩም። ለወለድኳቸው ልጆች አልነገርኩም። አሁን ለእናንተ፣ ፊታችሁን ለማላውቀው ልናገር ነው። የደፈርኩትም ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ይህም ፈሪነት ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ከሌላው ፈሪነቴ ጋር ደምሩት።

አንዲት እናት ልጇን በገዛ እጇ የገደለች እየመሰላት ትኖራለች። አልገደለችም። አለመግደሏን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ልጅቷን የገደላት ከእኔ ቤት የወጣ ነገር ነውና። እንዲህ በአጭሩ ተናግሬ ብገላገለው በወደድኩ። ግን አጭሩ እኔን የሚያድን ይመስለኛል፣ የሚያሳፍረው ሁሉ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከነዝርዝሩ ስሙኝ።

ቤታችን ሚዛን ተፈሪ ነው፣ ከገበያው በላይ ካለው ዳገት ላይ። የእኛን አገር የማያውቅ ሰው፣ ዝናብ እንዲህ እየዘነበላችሁ እንዴት ውሃ ይቸግራችኋል ብሎ ይስቃል። ይቸግረናል። ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ምንጩ ቁልቁል ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ወገብ ይቆርጣል። ባሌ እጁ ሥራ የሚወድ ሰው ነበርና ቤታችንን ቆርቆሮ ባለበስንበት ዓመት በጣራው ጠርዝ አሸንዳ ዘረጋልኝ፣ ከጥጉ ቱቦ አወረደ፣ ከቱቦው ሥር ድንጋይ ደልድሎ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አቆመ። ከበርሜሉ ግርጌ ቧንቧ ገጠመለት። መክደኛውን እየከፈቱ በጣሳ መጥለቅ ቀረ፤ ጀሪካኑን ከሥር ደቅኖ ቧንቧውን መክፈት ብቻ ሆነ።

በሰፈሩ በርሜል ያለው ሰው ብዙ ነው። እንደ እኔ የሚይዘው ግን አልነበረም። ይኸው ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ ኩራት ሽው አለብኝ፤ እንዲህ ያለሁ ጉድ ነኝ። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቱቦውን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ። የጣራው አቧራ፣ የወፉ ኩስ፣ የደረቀው ቅጠል ሁሉ ታጥቦ እስኪያልቅ አንድ ጠብታ ወደ በርሜሉ አላስገባም። የበርሜሉን አፍ ወፍራም ነጭ ጨርቅ አልብሼ ዙሪያውን በገመድ እጠፍረዋለሁ። ዝናቡ በጨርቁ ተጣርቶ ይገባል፣ ሌላ ምንም አይገባም። ሴቶቹ ልጅ ሲታመምባቸው ወይም አራስ ሲይዙ «የሚጠጣውን ከእትዬ ጽጌ በርሜል ቅዱ» ይባባሉ ነበር። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እሰማ ነበር። የሌላ ሰው በርሜል ውስጥ ትል ታየ ሲባል አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እስቅ ነበር።

አየለች ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይታ ከልጇ ከሊዲያ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ቴፒ አካባቢ ቡና እርሻ ላይ ተቀጥሮ ስለሚሠራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እሷ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር እየተጠራች ታበስላለች፤ የምትኖረውም በዚሁ ነው። አፍ የፈታችው በቤንችኛ ነው፣ አማርኛዋ ጥቂት ይሰበራል፣ ሳቋ ግን አይሰበርም። ከሁሉ በላይ የምትታወቀው በጎደሬ ነው። ጎደሬ የእኛ አገር ሥራ ሥር ነው፤ ሲያዩት ድንች ይመስላል፣ ጠባዩ ግን እንደ ድንች የዋህ አይደለም። በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይፍቃል፣ ምላስ ያሳክካል፣ ሆድ ያውካል። የአየለች ጎደሬ እንደ ቅቤ ነበር። ዳጣ አስነክቶ የበላው ሰው የማን እጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቀው ነበር።

ሊዲያ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። ጠዋት ጠዋት ትመጣና በጡጫዋ በርሜሉን ታንኳኳለች። ሲሞላ ድምፁ ይታፈናል፣ ሲጎድል ይጮኻል። «እትዬ፣ ዛሬ ጠግቧል» ትለኛለች። እቆጣታለሁ፣ ትስቃለች። ከዚህ በላይ ስለ እሷ መጻፍ አልችልም።

ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ያለው ጎረቤታችን አባቱ ሞቱበት። ወቅቱ የበጋው መጨረሻ ነው፣ ቧንቧው ከጠፋ ሰነባብቷል። ደግነቱ አንድ ያልታሰበ ከባድ ዝናብ ጥሎ በርሜሌን ሞልቶልኝ ነበር። የእድሩ ሴቶች ሥራ ስንከፋፈል እንጨቱ ለአንዷ፣ ዕቃው ለሌላዋ ደረሰ፤ የምግቡ ነገር ለአየለች ተሰጠ። ለለቅሶ ቤቱ የሚጠጣው ውሃ ከእኔ በርሜል ይሁን ተባለ። ማንም አልተከራከረም። እኔም እምቢ አላልኩም፣ እንዲያውም ደረቴ ተነፋ። ሰው በሞተበት ቀን ደረቷ የሚነፋ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰው ግቢዬ ይመጣል ብዬ የበርሜሉን ጨርቅ አየሁት። ጠቁሯል። በዚህ ጨርቅማ አልታይም አልኩና ፈትቼ አጠብኩት፣ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ወዲያው ከላይ ኡኡታ ሲሰማ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። ማልቀስ ነበር፣ እንግዳ መቀበል ነበር፣ ድንኳን ማስተከል ነበር። ጨርቁን ረሳሁት። በርሜሉ አፉን ከፍቶ አደረ። ደግሞም አደረ።

ያስታወስኩት ለቀብር የመጣው ሰው ምሳ በሚበላበት ቀን ጠዋት ነው። ጨርቁ አጥሩ ላይ ደርቆ ቆሟል። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ወደ በርሜሉ ውስጥ አየሁ። አይጥ ነበረች። ተነፍታለች፣ ሆዷ ወደ ላይ ነው፣ ፀጉሯ ከቆዳዋ እየለቀቀ ውሃው ላይ ተበትኗል። ክው አልኩ። በመጥረጊያው እንጨት ወደ ጠርዝ ጎትቼ አወጣኋትና ከቤቱ ጀርባ ካለው እንሰት ሥር ወረወርኳት። እጄን ታጠብኩ። የተበተነውን ፀጉር በማጥለያ ለቃቅሜ ደፋሁት። ከዚያ ንጹሑን ጨርቅ አመጣሁና የበርሜሉን አፍ ሸፈንኩ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ምን አሰብኩ? ውሃውን ልደፋው ነበር ብል ደስ ባለኝ። አላሰብኩም። ያሰብኩት «ቢያዩኝስ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው መጡ። አንዷ እንደ ሁሉም ሰው በርሜሉን በጣቷ አንኳኳችና «እትዬ ጽጌ፣ ሙሉ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሙሉ ነው» አልኩ።

አይጥ ገብቶበታል ማለት እችል ነበር። ለመጠጥ እንዳይሆን፣ ዕቃ ለማጠቢያ ይሁን ማለት እችል ነበር። ምንም ምክንያት ሳልሰጥ አፍሉት ብል እንኳ ይበቃ ነበር። ግን የእኔን በርሜል ውሃ አፍሉ ብል «ምን ሆኖ?» ይሉኛል። ይህን አንድ ጥያቄ ፈራሁ። ለዚህች ጥያቄ ስል ቧንቧውን በገዛ እጄ ከፈትኩላቸው። ውሃው ሲወርድ ጥርት ያለ ነበር፣ ዓይን የሚያታልል ውሃ። ጀሪካኖቹ ሞሉ፤ ተሸክመው ወጡ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው።

አሁን የምናገረው ከሁሉም ይብስብኛል። በዚያን ቀን እኔ ከዚያ ውሃ አልጠጣሁም። ቡና ጠጣሁ፤ ቡና የፈላ ነው። ልጆቼንም ወደ ጥግ ጠርቼ «እዚህ ውሃ እንዳትጠጡ፣ ሲጠማችሁ ቤት ሂዱና በቴርሞስ ያለውን ጠጡ» ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። አያችሁ? አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። ለራሴ ልጆች አውቄያለሁ። ለሰው ልጅ ነው ያላወቅሁት። ሊዲያ በሰዎቹ መሃል እየተሽሎከለከች በፕላስቲክ ኩባያ ስትጠጣ አይቻታለሁ፣ እናቷ ከድስቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ጎደሬ እየቆረሰች ስታጎርሳትም አይቻለሁ። አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

በማግስቱ ሰው መታመም ጀመረ። ማስመለስና ተቅማጥ ነው። ከዚያም ከዚህም ወሬው ይመጣ ጀመር፤ የእገሌ ባል፣ የእገሊት እናት። ለቅሶ ቤቱ ጓሮ ዕቃ እያጠብን ተሰብስበን ሳለ አንዷ «ምን ነካን? ውሃው ይሆን እንዴ?» አለች። ያለችው እንዲሁ ነው፣ እኔን አስባ አይደለም። ሌላ ሰው አፉን ሳይከፍት እኔ ከፈትኩ።

«ጎደሬው ጥሬ ነበር» አልኩ። «እኔ ገና ስቀምሰው ነው ያወቅሁት።»

አልቀመስኩም ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የተናገርኩት። አየለች እዚያው ቆማ ድስት ትፈትግ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ እኔ ቀመስኩት እኮ» አለች። «ጉሮሮ አልያዘም።»

«ለብዙ ሰው ሲቀቀል እኩል አይበስልም» አልኳት። «ከሥር ያለው ይበስላል፣ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል። አንቺ የቀመስሽው የታችኛውን ነው።»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ጎደሬ የሚያበስል ሁሉ የሚፈራው ነገር ነው፤ ለዚህ ነው የመረጥኩት። አየለች ወደ ድስቱ አየች፣ ወደ እጇ አየች። «ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። ታላቅ ስለሆንኩ አመነችኝ። ሴቶቹም አመኑኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ውሃ ያነሳ የለም። አንዲት ሴት እንኳ ቆም ብላ «የማንኛችን ጉሮሮ ነው ያሳከከው?» ብላ ብትጠይቅ ውሸቴ እዚያው በወደቀ። በእኛ አገር ጥሬ ጎደሬ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም፤ አፍን ሳይፈጅ ሆድ አይደርስም። ከታመሙት ውስጥ አንድም አፉን ያሳከከው ሰው አልነበረም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ማንም አላሰበውም። እኔ አስቤዋለሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አየለች እየሮጠች ወደ ቤቴ መጣች። ሊዲያን ይዟታል። ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«እትዬ፣ አማን ሐኪም ቤት ልውሰዳት?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ዛሬም እሰማዋለሁ። አዎ ውሰጃት ማለት አንድ ቃል ነው። ግን ሐኪም ቤት ከሄደች ምን በላች፣ ምን ጠጣች ብለው ይጠይቃሉ። ውሃው ይመረመራል ብዬ ፈራሁ። እውነት ይመረመር ነበር? እኔ እንጃ። ብቻ ፈራሁ።

«የጎደሬ ነገር ነው፣ ሲወጣላት ይለቃታል» አልኳት። «ምን ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ዝም ብለሽ ውሃ አብዝተሽ አጠጫት።»

«ንጹሕ ውሃ የለኝም» አለች። «ከአንቺ ልቅዳ?»

አንድ ሰው ክፉ ነገር ሲያደርግ ልቡ አንዴ ይመታና እንዲያቆም ይነግረዋል ይባላል። እኔን ነግሮኛል። ሰምቼዋለሁ። «በርሜሉ አልቋል» ብል በርሜሉን አንኳኩታ ታውቃለች። «ከዚህ አትቅጂ» ብል ለምን ትለኛለች። ስለዚህ ማሰሮዋን ከእጇ ተቀብዬ እኔ ራሴ ቧንቧውን ከፈትኩ። እኔ ራሴ ሞላሁት። እሷ ተቀብላኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ሮጠች። ለምን አላስቆምኳትም? ከበሬ እስከ በሯ ምን ያህል ይርቃል? ጥቂት እርምጃ ነው። ተጣርቼ ማሰሮውን መሬት ላይ ብጥለው ሰው እብድ ነች ይለኝ ነበር፤ ይበለኝ! አልጠራኋትም። ቆሜ የቧንቧውን ጠብታ በጣቴ ጠረግሁ።

ሌሊቱን ሁሉ ያን ውሃ አጠጣቻት። ባጠጣቻት ቁጥር ታስመልሳለች፣ ባስመለሰች ቁጥር ታጠጣታለች። እኔ የነገርኳትን እየፈጸመች ነው። ሲነጋ ልጅቷ አንገቷን መያዝ ስላቃታት በባጃጅ ይዘናት ወደ አማን ወረድን። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ የሊዲያ እግር ጭኔ ላይ ነበር። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። የደረሰችው ግን ዘግይታ ነው፣ ያዘገየኋትም እኔ ነኝ። ቀኑ ሳይመሽ ሞተች።

አየለች አላለቀሰችም መጀመሪያ። ከሐኪም ቤቱ ደጅ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇን በድንጋይ ትመታ ጀመር። «በዚህ እጄ!» ትላለች። «በዚህ እጄ አጎረስኳት! ጥሬውን አጎረስኳት!» እጇ ደማ። እጇን ይዤ አስጣልኳት። ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። በጆሮዋ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኳት። ሰማችሁኝ? የእኔን ሥራ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ እንድታበስል የጠራት ሰው የለም። ማንም ፊት ለፊት አልሰደባትም፣ የእኛ ሰው ጨዋ ነው፤ ብቻ ሰርግ ሲኖር ሌላ ይጠራል፣ ለቅሶ ሲኖር «አንቺ አታስቢ፣ አረፍ በይ» ትባላለች። እኔን ግን አስታማሚ፣ አጽናኝ፣ ደግ ሴት አሉኝ። እኔ ነበርኩ ምግብ የምወስድላት፣ አልጋዋን የማነጥፍላት። ይህን ያደረግሁት አዝኜላት ነው? አዎ፣ አዝኜላት ነው። ደግሞም እንድጠብቃት ነው፤ ማንም መጥቶ ሌላ ሐሳብ እንዳይሰጣት። ሁለቱም እውነት ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ እኔ ራሴ አላውቅም። ጥቂት ወራት ቆይታ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ባሏ ወደ ቴፒ ሄደች። ስትሄድ አቅፋኝ አለቀሰች።

ሊዲያ በተቀበረች ሰሞን አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በርሜሉን ደፋሁት። በአሸዋና በበረኪና ፈተግሁት። ክረምቱ ሞላው፣ ሰውም እንደ ድሮው መጥቶ ቀዳ፣ ምንም የሆነ ሰው የለም። ባሌ ሲሞት በርሜሉን አስነሳሁት። ልጆቼ ለምን ሲሉኝ ተሰንጥቋል አልኳቸው። አሁን ጣራዬ የሚያወርደው ውሃ ግቢውን ቦርቡሮ ይሄዳል፣ እኔ ውሃ ገዝቼ እጠጣለሁ፤ ጎረቤት እንደ ጃጀች አሮጊት ይቆጥረኛል።

ለራሴ ያልነገርኩት ማመካኛ የለም። ሐኪም አይደለሁም፣ ምናልባት ውሃው ላይሆን ይችላል እላለሁ። ከዚያ ለቅሶው ላይ የነበሩትን ሽማግሌዎች አስታውሳለሁ። ከአንድ ትሪ ጎደሬ በልተው ቡና ብቻ የጠጡት ሽማግሌዎች አንዳቸውም አልታመሙም። የታመመው ውሃውን የጠጣ ነው። እኔ በዚያው ሳምንት ከቤት ቤት እየዞርኩ «እንዴት አደራችሁ» እያልኩ የቆጠርኩት እሱን ነበር። ሰው ጥየቃ መጣች ብሎ መረቀኝ።

ቤተ ክርስቲያንም ተንበርክኬያለሁ። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ ብዬ አልቅሻለሁ። ግን የተናዘዝኩት በጅምላ ነው፤ በችርቻሮ አንዱንም በስሙ አልጠራሁትም። አይጥ አላልኩም። ጎደሬ አላልኩም። አየለች አላልኩም። ሰላም አገኘሽ ወይ ብትሉኝ፣ ለአንድ ሁለት ቀን አገኛለሁ። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ይመታል።

ዘንድሮ ቆረጥኩ። አየለች ሌላ ሴት ልጅ እንደወለደች፣ ሩት እንዳለቻት ከሰማሁ ቆይቷል። ልነግራት ቴፒ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ቃሉን በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ፤ ጎደሬው በስሎ ነበር፣ ውሃው ነው፣ እኔ ነኝ። አገኘኋት። ከስታለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ገና ወጣት ነች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «እትዬዬ!» እያለች አገላብጣ ሳመችኝ።

ከቤቷ ጥግ አሸንዳ ተዘርግቷል፣ ከሥሩ በርሜል ቆሟል፣ አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ስመለከተው አይታኝ ፈገግ አለች።

«እንደ አንቺ ነው ያረግሁት» አለችኝ። «የአንቺ ውሃ ነበር ለሊዲያ መጨረሻዋ። ያንን አስባለሁ፣ እጽናናለሁ። ንጹሕ ጠጥታ ሄደች።»

ውስጥ ገባን። ሩት የምትባለው ልጅ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፣ እህቷን አትመስልም፣ ተመስገን። ምግቡ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ የሠራችው የባሏ እህት ናት፣ እሷ ደግሞ ገበያ ወጥታለች። ልጅቷ ራበኝ አለች። አየለች አልተነሳችም። እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

«ቆይ፣ አክስትሽ ትምጣ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አላበስልላትም፣ እትዬ። አላጎርሳትምም። ከተወለደች ጡቴን ብቻ ነው የሰጠኋት። እፈራለሁ። አንቺ አጉርሽልኝ፤ የአንቺ እጅ ንጹሕ ነው።»

መናገሪያው ጊዜ እሱ ነበር። ከዚያ የተሻለ ጊዜ እግዚአብሔር ለማንም አይሰጥም። እኔ ግን ተነስቼ ከበርሜሏ ውሃ እጄን ታጠብኩ። ቁጭ አልኩ። ቆርሼ ጠቀለልኩና አጎረስኳት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ተቀበለችኝ። እናቷ እያየችን እንባዋን ትጠርጋለች፣ በደስታ። ደግሜ አጎረስኳት። እስክትጠግብ አጎረስኳት። ከዚያ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁና ወደ ሚዛን ተመለስኩ።

እንግዲህ እኔ ይህች ነኝ። ኩራት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ድንጋጤ ነው አትበሉልኝ። መደንገጥ አንድ ቀን ነው፤ እኔ ከአሥር ዓመት በላይ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። አንዲትን ልጅ በውሃ ገደልኩ፣ እናቷን በቃል ገደልኩ፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛዋን ልጅ ከእናቷ እጅ ነጥቄ በራሴ እጅ አጎረስኩ። ምን ዓይነት ይቅርታ ይጠየቃል ለዚህ? ማንስ ይጠየቃል? አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፣ ለእሷ መናገር። አፌ ቴፒ ድረስ ሄዶ ስለከዳኝ ይኸው ሰው ሁሉ በሚያነብበት ጻፍኩት፤ ወደ ኋላ ልመልሰው ብል እንኳ እንዳልችል።

አየለች፣ የሚያነብልሽ ሰው ካለ ስሚኝ። ጎደሬው በስሎ ነበር። አንቺ ያልሽው ልክ ነው፣ ጉሮሮ አልያዘም። ልጅሽን የገደልኳት እኔ ነኝ፤ አይጥ የሞተበትን ውሃ አውቄ ሰጠሁሽ፣ አውቄ ሐኪም ቤት አስቀረሁሽ፣ አውቄ አንቺን አስወቀስኩሽ። ይቅር አትበይኝ፤ ደጄ መጥተሽ ብትረግሚኝ ወጥቼ እሰማሻለሁ። ግን ከዚያ በፊት፣ ይህን እንደሰማሽ፣ ድስቱን ጣጂ። ሩት ሳትተኛ አብስይላትና በእጅሽ አጉርሻት።